የላይብረሪው የቅዳሜ ሥልጠና፦ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ የምለው ግማሹ አይገባችሁም።

የኤክስቴንሽን ተማሪ ነኝ፣ ዘንድሮ ጂሲ፣ ማለትም ተመራቂ። የሲኒየር ኤሴዬ (የመመረቂያ ጽሑፌ) ርዕስ የመንዝ በግ ገበያ ነው። ገበሬው በጉን ለማን ይሸጣል፣ ደላላው መሀል ገብቶ ስንት ያነሳል፣ በዓል ሲደርስ ዋጋው የት ይደርሳል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ፕሮፖዛሉን ጽፌ ለአድቫይዘሬ አስገባሁ። በሳምንቱ መለሰልኝ። ጽሑፉን ብዙም አልነካካውም። ሪፈረንሱ (የጠቀስኳቸው ጽሑፎች ዝርዝር) ላይ ግን አራተኛውን በቀይ እስክሪብቶ አክብቦ «ይህን ጽሑፍ አምጣልኝ» ብሎ ጽፎበታል።

እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ሰውየው ርዕሱ ማርኮት ሊያነብ ነው ብዬ። ማታ ቁጭ ብዬ ብፈልግ ብፈልግ የለም። መጽሔቱ አለ። ቅጹም አለ። እዚያ ገጽ ላይ የተጻፈው ግን ስለ ቡና በሽታ ነው። ጸሐፊ የተባለው ሰው ስለ በግ አንድም ነገር አልጻፈም፤ እንዲያውም እንዲህ የሚባል ሰው መኖሩንም እንጃ። ለካ ያንን ሪፈረንስ የሰጠኝ ቻትጂፒቲ፣ ያ ለጠየቅከው ሁሉ መልስ የሚጽፍልህ ማሽን ነው፤ የአበሻ ስም፣ ዓመት፣ ቅጽ፣ ገጽ፣ ሁሉንም አሳምሮ ፈጥሮልኝ። እኔም ከፍቼ ሳላይ ገልብጬ ለጥፌዋለሁ።

ቢሮው ሄጄ አንገቴን ደፋሁ። አልተቆጣም። «ቅዳሜ ቅዳሜ ላይብረሪ ሥልጠና አለ፣ ተመዝገብ» ብቻ አለኝ።

ሥልጠናው ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ላይብረሪ የሚሰጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ወረድ ብዬ የማማርረው ነገር ስላለ ሰው ማስቀየም አልፈልግም። አራት ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት። በነፃ ነው። ለጥናት የሚሆን ጽሑፍ እንዴት እንደሚፈለግና ኢንተርኔት ላይ ካለው የቱ እንደሚታመን ያስተምራሉ። አስተማሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ስላይድ የሚያሳየን ወጣት መምህር ነው። ሌላው የላይብረሪው ነባር ሠራተኛ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው።

ነጥቤን አሁኑኑ ልስጥ። ከአምስት ሦስት ተኩል። ጋሼ ባይኖሩ ሁለት።

ስለ ብርዱ ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሥልጠናው ደግሞ የዋለው ሕዳር ላይ ነው፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት ወር። አዳራሹ ሰፊ፣ ጣሪያው ሩቅ፣ መስኮቱ ሁለት ቦታ ላይ አልዘጋም ያለ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሸዋ ሮቢት የመጣ ልጅ በስስ ጃኬት ገብቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ እጁን በትንፋሹ ሲያሞቅ ዋለ። ከመሀል ሜዳ የመጣችው ልጅ ደግሞ «ይሄ እኮ ብርድ አይደለም» እያለች ትስቅበታለች። በሁለተኛው ሳምንት ጋቢ ለብሶ መጣ። ማንም አልሳቀበትም፤ እኛም ለብሰናል።

እና ሥልጠናው። የመጀመሪያው ቀን ወጣቱ መምህር ስላይዱን ከፈተ። ኢንፎርሜሽን ሊትረሲ (መረጃ የመፈለግና የመመዘን ችሎታ) ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሃያ ደቂቃ ያህል ተነበበልን። እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው። ግማሻችን ስልካችን ውስጥ ገባን። ከዚያ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ተመስገን ያልኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ጋሼ ተነሡና «በሉ ኑ፣ መደርደሪያው መብራት አይፈልግም» አሉን።

ስንት ዓመት ስማር እነዚያን መደርደሪያዎች የማውቃቸው ከኋላቸው ተደብቄ ስልክ ሳወራ ነው። ጋሼ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አሳዩን። ዴዊ የሚባል አሜሪካዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው አደራደር ነው፤ የሰው ልጅ እውቀት በሙሉ ከ000 እስከ 999 ተከፋፍሏል። 630 ግብርና ነው። 636 የቤት እንስሳት። 636.3 ሲደርስ በግና ፍየል። ኢትዮጵያ ደግሞ 963 ላይ ናት፣ ታሪክ ፈላጊዎቹ ወደዚያ ሄዱ። ቁጥሩ ዝም ብሎ ቁጥር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አድራሻ ነው፣ አንዴ ካወቅከው ማንንም ሳትጠይቅ ትደርሳለህ። «አንተ በግ ነው ያልከው? ና» ብለው ይዘውኝ ሄዱ።

ጥጉ ላይ አቧራ የለበሱ ቀጫጭን ሪፖርቶች ተደርድረዋል። የኢልካ ናቸው። ለማታውቁት፣ ኢልካ በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመ የአፍሪካ እንስሳት ርባታ ዓለም አቀፍ ማዕከል ነው፤ በ1994 ናይሮቢ ከነበረው እህት ተቋም ጋር ተዋህዶ ዛሬ ኢልሪ የምንለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ርባታ ምርምር ተቋም ሆነ። እዚሁ ደብረ ብርሃን የምርምር ጣቢያ ነበረው። አያችሁ፣ እኔ የመንዝን በግ የሚያውቅ ፍለጋ ሌሊቱን ከማሽን ጋር ሳወራ፣ በጉን በሚዛን እየሰቀሉ ሲመዝኑ የኖሩ ሰዎች የጻፉት ከቤቴ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ሁለቱን ሪፖርት በስሜ አስፈርሜ ወሰድኩ። የዚህን ነገር መጨረሻ በኋላ እነግራችኋለሁ።

እዚያው ቆመን ጋሼ ሁለት ነገር አስያዙን። አንደኛው፣ የመጣህበትን መጽሐፍ ስታገኝ ግራና ቀኙን ሳታይ አትመለስ፤ ጎረቤቶቹ ዘመዶቹ ናቸው። ሁለተኛው፣ ጥሩ ጽሑፍ ካገኘህ መጨረሻውን ክፈትና እሱ እነማንን እንዳነበበ እይ። እኔ የሪፈረንስ ገጽ ለአስተማሪ የሚጻፍ ይመስለኝ ነበር። ማለቴ፣ ግዴታ ስለሆነ ብቻ። ሰው ተከትሎት የሚሄድ መንገድ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

ሁለተኛው ሳምንት ኮምፒውተር ክፍል ገባን። አሥራ ሁለት ኮምፒውተር አለ፣ የሚሠራው ሰባት ነው፣ እኛ ሃያ ሁለት ነን። ስሌቱን ለእናንተ ትቻለሁ። በስልክ ዳታ የሞላ ከስልኩ ፈለገ፣ ያልሞላ በሰው ትከሻ ላይ አንጋጦ አየ። እዚህ ላይ አንድ ያስቀየመኝ ነገር አለ። ከገጠር ወረዳ የመጡ ሦስት ሴት ልጆች ነበሩ፣ ኪቦርድ ሲነኩ ገና ሁለተኛ ሦስተኛቸው ነው። መምህሩ «እዚህ ክሊክ፣ እዚያ ክሊክ» እያለ ሲሮጥ እነሱ መጀመሪያው ክሊክ ላይ ቀሩ። ሲያፍሩ ደግሞ አይጠይቁም። ጋሼ ናቸው በኋላ ወንበር ስበው አጠገባቸው የተቀመጡት።

የሳቅነውም የዚያን ቀን ነው። መምህሩ የፍለጋ ቃላት እንዴት እንደሚያያዙ ሊያስረዳ ጀመረና ጮክ ብሎ «አንድ!» አለ። ሁላችንም እስክሪብቶ አንስተን ሁለትን ጠበቅን። ቀጥሎ «ኦር» አለ። የመሀል ሜዳዋ «ሁለት የት ሄደ?» ብላ ክፍሉን አፈረሰችው። ለካ የእንግሊዝኛው «እና» ነው። ሁለቱም ቃል ያለበትን አምጣ ማለት ነው። «ኦር» ከሁለቱ አንዱ ያለበትን አምጣ። «ኖት» ደግሞ ይህ ያለበትን አስቀር። ጆርጅ ቡል ከሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው የመጣ ነገር ነው። አሰልቺ ይመስላል፤ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር፣ ጋሼ ወደ አማርኛ እስኪያመጡት ድረስ።

«እስቲ ሁላችሁም የከተማዋን ስም በአማርኛ ጻፉና ፈልጉ» አሉ። ጻፍን። አንዱ ደብረ ብርሃን አለ። አንዱ ደብረ ብርሀን። አንዱ አያይዞ ደብረብርሃን። አንድ ዲያቆን የሆነ ልጅ ደግሞ ደብረ ብርኀን። የመጣልን ውጤት ተለያየ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ፤ አ፣ ዐ። ስንናገራቸው አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በፈረንጅ ፊደል ሲሆን ይብሳል። ሸዋ ቢያንስ በሦስት ዓይነት ትጻፋለች፤ የድሮ ጸሐፊዎች «ሾዓ» በሚመስል አጻጻፍ ነው የሚያውቋት። መንዝም ድሮ «ማንዝ» ነው። እኔ በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ፈልጌ «ስለ መንዝ በግ የተጻፈ ጥቂት ነው» ብዬ ፕሮፖዛሌ ውስጥ በድፍረት አስገብቻለሁ! ጥቂቱ የእኔ ፍለጋ ነበር። ያ የሰለቸን «ኦር» የሚሠራው እዚህ ጋ ነው፤ አጻጻፎቹን ሁሉ በእሱ አያይዘህ አንዴ ትጠይቃለህ። ይህ አንድ ሰዓት ብቻ ቢሰጥ እንኳ ብርዱን ያስችላል።

የቀሩት ዘዴዎች ፈጠን ብለው አለፉ። ሐረጉን በትእምርተ ጥቅስ ካጠርከው እንዳለ ያንኑ ይፈልግልሃል። ከማትፈልገው ቃል ፊት የመቀነስ ምልክት ታደርጋለህ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብን የሚፈልጉት ታሪክ ተማሪዎች ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ እየመጣባቸው ተቸግረው ነበር፤ «ፈላስፋ» የሚለውን ቀነሱና ንጉሡ ብቻቸውን ቀሩ፣ ማለትም ከሞላ ጎደል። የጥናት ጽሑፎችን የሚፈልግልህን ጉግል ስኮላርን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ያለውን «የጠቀሱት» የሚለውን ግን ተጭኜው አላውቅም ነበር። የሪፈረንስ ገጹ ወደ ኋላ ይወስድሃል፣ ይሄኛው ወደ ፊት፤ ያንን ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ እነማን እንዳነበቡት ያሳይሃል።

ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ሲያጋጥም ምን እናድርግ ብለን ጠየቅን። የአፍሪካ መጽሔቶችን የሚሰበስበው ኤጆል አለ፣ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፤ የእኛ አገር መጽሔቶችም አሉበት። ኢልካም ኢልሪም ያወጡት ብዙው ሲጂስፔስ በሚባለው ማኅደር ውስጥ በነፃ ይወርዳል። ለግብርና ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመረው አጎራ አለ፣ ለጤናው የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ በ2002 እንደጀመረው ማለት ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ አገሮች ተቋማት ውድ መጽሔቶችን ያለ ክፍያ እንዲያነቡ የተዘጋጁ ናቸው፤ እኛም እንገባበታለን። ተቋሙ ይመዘገብና የይለፍ ቃል ይሰጠዋል። ግሩም ነው። ከዚያ መምህሩ የኮሌጁን የይለፍ ቃል አስገባ። አልከፈተም። ደግሞ አስገባ። አልከፈተም። ቃሉን የሚያውቀው ሰው ሥራ ለቋል ተባለ። አራቱ ሳምንት አልቆ እስክንወጣ አልተገኘም። ድግስ ላይ ጠርቶ በሩን የሚቆልፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ሳምንት፣ የየትኛው ይታመናል ቀን፣ በሁለት ተከፈለ። በመጀመሪያው ክፍል መምህሩ ባለ አምስት ነጥብ ማረጋገጫ ሰጠን። ወቅታዊ ነው ወይ፣ ከርዕስህ ጋር ይሄዳል ወይ፣ ጸሐፊው ማነው፣ ትክክል ነው ወይ፣ ዓላማው ምንድነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቺኮ በሚባል ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፣ በየዓለሙ ያስተምሩበታል። መጥፎ አይደለም። ግን እኔ ያቺን የተፈጠረች ሪፈረንሴን አውጥቼ ለክቼ አየኋት። ዓመቷ ቅርብ ነው፣ ራይት። ስለ መንዝ በግ ነው፣ ራይት። ጸሐፊው ዶክተር ተብሏል፣ ራይት። ቅጽ አላት ገጽ አላት፣ ራይት። ዓላማዋ ምርምር፣ ራይት። አምስት ከአምስት! እኔ እንኳ በዚያ ኮርስ አምስት ከአምስት አላመጣሁም።

መምህሩን ስነግረው ትንሽ ተናደደ መሰለኝ። ጋሼ ግን ሳቁና ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡት። «ልጄን ልድር ነው እንበል» አሉ። «ሽማግሌ ተልኮብኛል። ስለ ልጁ ማንን ነው የምጠይቀው? ልጁን? አባቱን? እነሱማ ምን ይሉኛል! ጎረቤት ነው የሚጠየቀው። አብሮት የሠራ ነው የሚጠየቀው። ድረ ገጹንም እሱን ራሱን አትጠይቁት፤ ውጡና ጎረቤቱን ጠይቁ።»

ይሄ ከራሳቸው ጭንቅላት ብቻ የወጣ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጥናት ነገሩን። 10 የታሪክ ምሁራንን፣ ሥራቸው መረጃ ማጣራት የሆነ 10 ሰዎችንና 25 የስታንፎርድ ተማሪዎችን ድረ ገጽ አስመዘኗቸው። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ገጹን ከላይ እስከ ታች እያነበቡ፣ ሎጎው ያማረ መሆኑን፣ አድራሻው ደህና መሆኑን እያዩ ብዙዎቹ ተሸወዱ። አጣሪዎቹ ገጹ ላይ ብዙም አልቆዩም። ሌላ ታብ ከፍተው እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው ብለው ሌላ ቦታ ጠየቁ፣ ቶሎም ደረሱበት። የተማረ ሰው ሁሉ አይሸወድም ያለን ማነው?

ለልምምድ «ደብረ ብርሃን መቼና ለምን ተቆረቆረች?» ተባልን። እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ስለሆነ ቀላል መሰለኝ። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተማዋም ስሟን ከዚያው አገኘች። እዚህ ድረስ ጠብ የለም። ከዚያ አንድ ድረ ገጽ ብርሃኑ ሃሌይ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ነው ይላል፣ ሽንጡን ገትሮ። ሌላውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። የሸዋ ሮቢቱ ልጅ ከጋቢው ውስጥ እጁን አውጥቶ «ሦስት ምንጭ አግኝቻለሁ» አለ። ጋሼ «አንድ ነው ያገኘኸው፣ ሁለቱ ገልባጮች ናቸው። ዓረፍተ ነገሩን እየው» አሉት። እውነትም ቃል በቃል ነው፤ የፊደል ስሕተቱ ሳይቀር ተገልብጧል።

ወደ ሥሩ ወረድን። ጅራታሙ ኮከብ በ1456 እ.ኤ.አ. መታየቱ እርግጥ ነው። ግን ደምቆ የታየው በሰኔ ነው። በትውፊታችን ብርሃኑ የታየበት ቀን መጋቢት 10 ነው። ሦስት ወር አይገናኝም። የኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፉ የኖሩት ሪቻርድ ፓንክረስት እንኳ ስለ አቆራቆሩ አንድ ዓመት ቆርጠው አልሰጡም፤ ሊሆኑ የሚችሉትን ነው የዘረዘሩት። ኢንተርኔቱ ግን ይቆርጥልሃል። በዚያ ላይ አንዱ 1456ን ከፈረንጅ ገልብጦ ከጎኑ «ዓ.ም.» ብሎ ለጥፎበታል። ሌላው ያንን አምኖ እንደገና ወደ ፈረንጅ ቀይሮታል። ሰባት ስምንት ዓመት እንዲህ እየተባለ ይበራል። እኛ ሁለት አቆጣጠር ያለን ሰዎች ይህን ከማንም በላይ መጠርጠር ነበረብን።

የሕዝብ ብዛቱም እንደዚሁ ነው። የከተማዋን ሕዝብ ፈልጉ ተባልን፣ አምስት ሰው አምስት ቁጥር ይዞ መጣ። አንዱ ብቻ ነው እናት ያለው፤ በግንቦት 1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ 65,231። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተደረገ የቀረው ሁሉ ግምት ነው። ግምት መጥቀስ ነውር የለውም፣ ግምት መሆኑን ከጻፍክ። ፕሮፖዛሌን ከፍቼ አየሁ፤ እኔ የጻፍኩት ቁጥር ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

አራተኛው ሳምንት ጥድፊያ ነበር። በሦስት ቀን እናትምልሃለን፣ ክፈል የሚሉትን አስመሳይ መጽሔቶች ነገሩን። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ጄፍሪ ቢል የሚባል ላይብረሪያን የእነሱን ስም ዝርዝር ያወጣ ነበር፤ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ከድረ ገጹ አነሳው። ስለዚህ አሁን መጽሔቱን ራስህ ነው የምታጣራው። ዲኦአይ የሚባለውንም አሳዩን፤ በ10 የሚጀምር የጽሑፍ መለያ ቁጥር ነው፣ ስታስገባው ወደዚያው ጽሑፍ ካልወሰደህ ጠርጥር። ሁሉም ጽሑፍ የለውም፣ የድሮዎቹ የእኛ አገር መጽሔቶች በተለይ። ሳይኖረው ሲቀር ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ሌላ ቦታ ፈልገው ነው።

ስለ ማሽኑ ሲነሳ የእኔ ታሪክ ለምሳሌ ቀረበ። በፈቃዴ ነው፣ ግን ጆሮዬ ጋለ። አጽናኑኝ፤ ኒው ዮርክ ውስጥ በ2023 ጠበቆች ማሽን የፈጠረላቸውን የፍርድ ውሳኔ ለዳኛ አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል ተባልኩ። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ነው ያለፍኩት። ጋሼ አትንኩት አላሉም። የፍለጋ ቃል እንዲያወጣልህ ጠይቀው፣ ያልገባህን እንዲያብራራልህ ጠይቀው፣ ምስክር አድርገህ ግን አትቁጠረው ነው ያሉት።

ያልተነገረው ነገር ነው ይበልጥ የሚያሳዝነኝ። እውነቱን እንነጋገር፤ እኛ ተማሪዎች ጽሑፍ የምናገኘው ከቴሌግራም ነው። ሽፋን የሌለው፣ ዓመት የሌለው፣ ከሦስተኛው ገጽ የሚጀምር ፒዲኤፍ። የማን ሀንድአውት እንደሆነ የማይታወቅ። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በፍላሽ የሚገለበጥ ያለቀለት ሪሰርች አለ፣ ስምና ወረዳ ቀይሮ ማስገባት ነው። ስለዚህ አንድ ስላይድ እንኳ አልነበረም። ጥያቄውን ሳነሳ መምህሩ «ያ ከርዕሳችን ውጭ ነው» አለኝ። ርዕሱማ እሱ ነበር! ስለ ስታንፎርድ መስማቱ ጥሩ ነው፣ ግን የእኛ ገልባጭ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነው የሚኖረው። ሰርተፍኬቱም ሊደርስ ነው ከተባለ ሁለት ወር አለፈው። ሻይም የለም፤ በዚያ ብርድ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ መመዝገቢያው ላይብረሪው መግቢያ ላይ ያለው ደብተር ነው፣ መታወቂያ ያስፈልጋል። ርዕስ ሳትይዙ አትሂዱ። ዝም ብሎ ለመስማት የመጣው እንቅልፉን ተኝቶ ነው የወጣው፤ የሚፈልገው ነገር ያለው ሰው ግን በየደቂቃው ይነቃል። ዳታ ሙሉ። ከፊት ሳይሆን ጋሼ ከሚቀመጡበት ከኋላ ቀኝ ጥግ ተቀመጡ። ጥዋት ሥራ ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜውን መጠበቅ የለባችሁም፤ በማንኛውም ቀን ከሰዓት በኋላ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ፈልጌ ነበር» ካላችኋቸው መነጽራቸውን አድርገው ይነሣሉ። ይህን አገልግሎት ማስታወቂያ ላይ የጻፈው የለም፣ እኔም ያወቅኩት በአራተኛው ዓመቴ ነው።

ፕሮፖዛሉን አስተካክዬ አስገባሁ። አራተኛው ቦታ ላይ ከመደርደሪያው ያወጣሁትን የኢልካ ሪፖርት ተካሁ። አድቫይዘሬ በሳምንቱ መለሰልኝ። አራተኛውን እንደገና በቀይ አክብቦ «ይህን ጽሑፍ አምጣልኝ» ብሎበታል። ወሰድኩለት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «የት አገኘኸው? እኔም እፈልገው ነበር» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ይኸው ወር አለፈው። የወጣው በእኔ ስም ነው፣ ቅጣቱም የሚቆጥረው በእኔ ስም ነው። ጋሼ በሩ ላይ ባዩኝ ቁጥር «ልጄ፣ 636.3 ክፍት ሆኖብኛል» ይሉኛል።